አባቴ ልጄን «ምትኩ» በሉት ይላል፤ ባሌ ጋናዊ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ከሐምቡርግ

ሰላም ለሁላችሁም። ወንድ ልጅ እየጠበቅን ነው፤ ወሬ ገብቷል። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፣ ባሌ ጋናዊ ነው፣ አሻንቲ፣ የኩማሲ ሰው። የምንኖረው ሐምቡርግ ነው። እኔና እሱ በስም ጉዳይ ተጨቃጭቀን አናውቅም፤ አሁን ግን ነገሩ ከሁለታችን እጅ ወጥቶ የቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል።

ታላቅ ወንድሜ ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፈ። ለአባቴ ያለው ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነበር። ወንድ መሆኑን ደውዬ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና «እንግዲህ ስሙ ምትኩ ነው» አለኝ። አልጠየቀኝም፣ ነገረኝ። እናቴም ከጎኑ «እሰይ፣ እሰይ» ስትል ይሰማኛል።

አባቴን መቃወም አልፈልግም። ልቡ እንዴት እንደተሰበረ አይቻለሁ። ግን ያሳስበኛል። ልጁ ገና ሳይወለድ የሌላ ሰው ቦታ ሊሰጠው ነው። ወንድሜን ማንም አይተካውም፣ ልጄም ራሱን ሆኖ እንዲያድግ ነው የምፈልገው። ይህን ለአባቴ በምን አፍ እንደምነግረው ጨንቆኛል።

በባሌ በኩል ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለ። አሻንቲዎች አካን ከሚባለው ሕዝብ ናቸው፤ አካኖች ዘንድ ልጅ የተወለደበት ቀን ራሱ ስም ይሰጠዋል። ወንድ እሁድ ከተወለደ ክዋሲ፣ ሰኞ ኮጆ፣ ማክሰኞ ክዋቤና፣ ረቡዕ ክዋኩ፣ ሐሙስ ያው፣ ዓርብ ኮፊ፣ ቅዳሜ ክዋሜ ነው። ይህን ማንም አይመርጠውም። ሌላው ስም የሚወጣው በስምንተኛው ቀን ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ነው፣ የሚያወጣውም አባት ነው። አንድ ጊዜ እዚሁ ሐምቡርግ የባሌ ዘመዶች ቤት አይቻለሁ። ሽማግሌው ጣታቸውን ውሃ ነክረው የሕፃኑ ምላስ ላይ ጠብ አደረጉለት፣ ቀጥለው መጠጥ ነክረው እንደዚሁ፤ ውሃን ውሃ በል፣ መጠጥን መጠጥ በል ይሉታል። ሲያድግ እውነቱን እንዲናገር ነው። በጣም ነው የወደድኩት።

ጥያቄዬ ይኸው። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የመሳሰለ ስም ያላችሁ፣ ስሙ ከብዷችሁ ያውቃል? ደግሞስ የአባቴን ሐሳብ ሳይጥል ለልጁ ግን ቀለል የሚል፣ ጀርመኑም ጋናዊውም የሚጠራው የወንድ ስም የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።

ተማሪ ቤት

ልጄ፣ በመጀመሪያ ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

አባትሽ ያሉት ስም የቆየ ወግ አለው። አገራችን ልጅ የሞተባት፣ ወይም ቤተሰብ ትልቅ ሰው ያጣበት ዘመን ሁሉ በስም ተጽፏል ማለት ይቻላል። ምትኩ፣ ተካ፣ ካሳ፣ ካሳሁን፣ መካሻ፣ ማስረሻ። ትግርኛ ተናጋሪው ካሕሳይ ይላል፣ ያው ካሳዬ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም ያለው ሰው አንገቱን ደፍቶ ይኖራል ብለሽ አትስጊ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 እ.ኤ.አ. እስኪነግሡ ድረስ ካሳ ኃይሉ ነበሩ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በ1872 እ.ኤ.አ. አክሱም ላይ ዘውድ ከመጫናቸው በፊት ካሳ ምርጫ ነበሩ። በሃያ ዓመት ውስጥ ሁለት ካሳ ነገሠ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ብቻም አይደለም። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ቁጥር 25ን አውጥተሽ አንብቢ። አቤል ከሞተ በኋላ ሔዋን ሌላ ወንድ ልጅ ወለደች፤ እግዚአብሔር በአቤል ፋንታ ሌላ ዘር ሰጠኝ ብላ ስሙን «ሴት» አለችው። በመጽሐፍ የምናውቀው የመጀመሪያው ምትኩ እሱ ነው። ዮሴፍም ግብፅ ሳለ የበኩር ልጁን ምናሴ አለው፣ መከራዬን ሁሉ አስረሳኝ ሲል፤ ይህም ምዕራፍ 41 ቁጥር 51 ላይ አለ። ምናሴ ማለት በእኛ ቋንቋ ማስረሻ ነው፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው ነገር የለም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። እኔ ብሆን ናሆም እለዋለሁ። ከነቢያቱ አንዱ ነው፣ ትርጉሙም መጽናናት ነው። ነህምያም ከዚያው ሥር የወጣ ነው፣ እግዚአብሔር ያጽናናል ማለት። አባትሽ የፈለጉት ነገር እኮ መጽናናት ነው። ናሆም የሚለው ስም ያንን ይሰጣቸዋል፣ ልጁን ግን በማንም ቦታ አያስቀምጠውም። አጭር ነው፣ ለፈረንጅ ምላስም አይከብድም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ናሆም ብለሽ ብትጠሪ ብዙ ልጅ ዞር ይላል።

ነቀምቴ

ጋሼ ተማሪ ቤት የጻፉት ጥሩ ነው፣ ግን እኔ ከሐዘን የሚነሳ ስም ጨርሶ አልወድም። መጽናናትም ቢሆን ያው ከሐዘን ነው የሚነሳው። ልጁ ደስታ ነው ይዞ የሚመጣው፣ በደስታ ይጠራ። የደስታ ስም ሞልቶናል፤ ፍሥሐ አለ፣ ደስታ አለ፣ በትግርኛ ሐጎስ አለ፣ እኛ ኦሮሞዎች ገመቹ እንላለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ኦሮምኛ ውስጥ ደበላ የሚባል የወንድ ስም አለ። ይጨምራል ማለት ነው። ዮሴፍም በዕብራይስጥ ያው ነው፣ ራሔል ሌላ ልጅ ይጨምርልኝ ብላ ነው ያወጣችው። እህቴ አንቺ የጨነቀሽ ነገር መተካት የሚለው ከሆነ፣ አባትሽን «ይኼ ልጅ በወንድሜ ላይ ነው የተጨመረው» በያቸው። ያኔ ወንድምሽም በቦታው ይቆያል፣ ልጁም የራሱ ቦታ ይኖረዋል። ዮሴፍ ደግሞ ጀርመን ዮዜፍ ነው፣ ጋና ጆሴፍ ነው፣ ሙስሊሙ ዩሱፍ ይለዋል፣ የትም ቢሄድ አይከብደውም።

በነገራችን ላይ አበበ ቢቂላን ሁሉም ያውቃል፣ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው። አበበ በአማርኛ አበባ አወጣ ነው፣ ቢቂላ ደግሞ በኦሮምኛ ቡቃያ ነው። አባትየው በቀለ፣ ልጁ አበበ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ አንድ ሐሳብ ነው። የአንቺም ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሊኖረው ይችላል፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በጋና ቋንቋ።

ስሜ ካሳሁን

የጠየቅሽው እንደ እኔ ያለውን ሰው ስለሆነ ልመልስልሽ።

እኔ የተወለድኩት ታላቅ ወንድሜ በሞተ በዓመቱ ነው። ስሜ ካሳሁን ነው፣ ማለትም «ካሳ ሁንልን»። ልብ ብለሽ ካየሽው ትእዛዝ ነው። ገና ዓይኑን ላልገለጠ ሕፃን የተሰጠ ሥራ ነው። ስለዚህ የፈራሽውን ነገር ይገባኛል።

ነገር ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ስሙ ከብዶኝ አያውቅም። ሰፈር ውስጥ ካሱ ነበርኩ፣ ትምህርት ቤትም ካሱ፣ ማንም ትርጉሙን አያስብም፣ እኔም አላስብም ነበር። የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ቤታችን ውስጥ ስለዚያ ልጅ አይወራም። ሳሎን ግድግዳው ላይ የአንድ ትንሽ ልጅ ፎቶ ነበር፣ ነጭ ሸሚዝ እስከ አንገቱ ተቆልፎለት፣ ጸጉሩ በውሃ ተበጥሮ፤ ለብዙ ጊዜ እኔ ራሴ ይመስለኝ ነበር። ጎረቤት ናት አንድ ቀን የነገረችኝ። ማን እንደነበር፣ ምን ይወድ እንደነበር፣ በምን እንደሞተ እናቴን የጠየቅኳት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ስትነግረኝም ደስ እያላት ነው የነገረችኝ። ያን ሁሉ ዘመን የሚጠይቃት ሰው ነበር ያጣችው።

ስለዚህ እህቴ፣ ምትኩም በይው ናሆም፣ ስለ አጎቱ ንገሪው። ፎቶውን አሳዪው፣ ቀልዱን ንገሪው፣ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ይወቅ። አባትሽም ይንገሩት። ስም ብቻ ሰጥቶ ታሪኩን መደበቅ ነው ልጅን ግራ የሚያጋባው።

ሐይፋ

ሰላም፣ እኔ ከእስራኤል ነኝ፣ ቤተ እስራኤል። አባቴ ያወጣልኝ ስም ማስረሻ ነው። ተማሪ ቤት ምናሴ ማለት ማስረሻ ነው ያሉትን ሳነብ ቆሜ ነው ያነበብኩት።

እኛ በሰማንያዎቹ ስንመጣ ብዙ ልጅ ስሙ ተቀይሯል። እኔም ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን አስተማሪዋ ስሜን ሁለት ጊዜ ሞክራ አልሆን ሲላት ሌላ የዕብራይስጥ ስም ሰጠችኝ። ክፋት አልነበራትም፣ ይቀለዋል ብላ ነው። ግን ያ ስም እኔን የማያውቅ ስም ነበር፣ ማንም አስቦ ያወጣው አልነበረም። ቤት ማስረሻ፣ ውጭ ሌላ ሰው ሆኜ አደግሁ። ውትድርና ስገባ ነው ማስረሻን መልሼ መታወቂያዬ ላይ ያስጻፍኩት። አሁን የኛ ወጣቶች ብዙዎቹ የአማርኛና የትግርኛ ስማቸውን እየመለሱ ነው፣ ለልጆቻቸውም እያወጡ ነው፣ ደስ ይላል።

የምመክርሽ ይህን ነው። ሰው ሁሉ የሚጠራው ስም ፈልጊ ያልሽው ትክክል ነው፣ ግን ቀላል ስለሆነ ብቻ አትምረጪ። ጀርመን ውስጥ ዮናስ ወይም ኤልያስ ብትይው ማንም አይቸገርም፣ እዚያ የተለመዱ ናቸው፣ የእኛም ስሞች ናቸው። ትርጉማቸው ግን ከቤታችሁ ታሪክ ጋር አይገናኝም። ልጁ አንድ ቀን ለምን ይህን ስም አወጣችሁልኝ ብሎ ይጠይቃል። የምትመልሺለት ነገር ይኑርሽ።

በሞተ ዘመድ ስም መጥራትን በተመለከተ፣ እዚህ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት አይሁዶች፣ አሽከናዚ የሚባሉት፣ ልጅን በሞተ አያት ወይም አጎት ስም ነው የሚጠሩት፣ በሕይወት ባለ ሰው ስም አይጠሩም። ዘራቸው ከስፔን በኩል የሆነው ሴፋርዲዎቹ ደግሞ በሕይወት ባለ አያት ስም ይጠራሉ፣ ለአያት ክብር ነው። ስለዚህ ሌላም መንገድ አለ፣ የወንድምሽን የራሱን ስም ሁለተኛ ስም ማድረግ።

የደሴዋ

እኔ ያለሁት ሪያድ ነው፣ በጣም እያነበብኳችሁ ነው። ዐረቦቹም ጋ አለ። አወድ የሚባል የወንድ ስም አለ፣ ሱዳኖች በተለይ ይወዱታል፤ ትርጉሙ ቁርጥ ካሳ ነው፣ የጠፋ ነገር ምትክ። ኸለፍ የሚባልም አለ፣ ከኋላ የመጣ፣ የቀጠለ ማለት ነው። እኔ ምትክ ከሚለው ይልቅ ቀጠለ የሚለው ደስ ይለኛል። ናይጄሪያ ውስጥ ደግሞ ዮሩባዎች አያት ከሞተ በኋላ ለተወለደ ወንድ ባባቱንዴ ይሉታል፣ አባት ተመለሰ ማለት ነው።

እህቴ፣ አባትሽን አትቃወሚያቸው፣ እባክሽን። የኛ አገር ሽማግሌ ስም አወጣ ማለት ልጁን ተቀበለ ማለት ነው። በተለይ ባልሽ የውጭ ሰው ሆኖ ሳለ፣ «ስሙ ምትኩ ነው» ሲሉ ይህ ልጅ የኔ ነው እያሉ ነው። ይኼን ደስታ አታሳንሺው። እሳቸው ምትኩ ብለው ይጥሩት፣ እናንተ የፈለጋችሁትን ብላችሁ አስመዝግቡት። እኛ ቤት አያቴ ለእያንዳንዳችን የራሷ ስም ነበራት፣ ወረቀት ላይ የሌለ፤ ስትጠራን ሁላችንም እንሮጥ ነበር፣ ማንም የኔ ስም ይህ አይደለም አላለም።

ከሐምቡርግ

እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ማታ ሁሉንም ለባሌ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። የደሴዋ፣ አባቴ ልጁን መቀበሉ ነው ያልሽውን እኔ በዚያ ዓይን አላየሁትም ነበር፤ ባሌ ግን ወዲያው ነው የገባው።

እነሱም ጋ ያው ነው ለካ። አባቢዮ የሚባል ስም አላቸው፣ የተመለሰ ማለት ነው። ልጅ እየሞተባት ለምትቸገር እናት ደግሞ ቤጂና ይሉታል፣ ና እዚህ ቁም፣ አትሂድብን እንደማለት። ሱሚና የሚባልም አለ፣ የቆሻሻ መጣያ ማለት ነው፤ ሞት ንቆት እንዲያልፍ ነው ብሎ ነገረኝ። የኮፊ አናንንም ስም ፈታልኝ። ሙሉ ስሙ ኮፊ አታ አናን ነው፣ ኮፊ ዓርብ የተወለደ፣ አታ መንታ፣ አናን አራተኛ ልጅ። መንታ እህቱም ኤፉዋ ናት፣ ያው ዓርብ ማለት ነው በሴት። ሦስት ቃል ተናግረሽ የሰውየውን ውልደት ጨረስሽ።

ባሌ ያሰበው ስም ኛሜቼ ነበር፣ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው። እኔ ያንን ስሰማ ናትናኤል ነው የታወሰኝ፣ ትርጉሙ ያው ነውና። አሁን ግን ናሆም የሚለውን ሲሰማ ዝም ብሎ ደጋገመው፤ ናሆም፣ ናሆም፣ እያለ። ወደደው። የቀረኝ ጥያቄ የክርስትና ስሙ ነው። በአርባ ቀኑ እዚሁ ቤተ ክርስቲያናችን ክርስትና እናነሳዋለን። ይኼ ሁሉ ስም አይበዛበትም?

ተማሪ ቤት

አይበዛበትም ልጄ። የክርስትና ስም ለጸሎት ነው፤ ሲቆርብ ካህኑ የሚጠሩበት፣ በፍትሐትም የሚታሰብበት። ባልሽን ጠይቂው፣ የቀን ስማቸውን የነፍስ ስም ነው የሚሉት። ስለዚህ በሁለቱም ወገን ለነፍሱ አንድ ስም፣ ለሰው አንድ ስም ይኖረዋል፤ ይህ ለሁለታችሁም ቤተሰብ የታወቀ ነገር ነው።

የክርስትና ስሙ ገብረ ወይም ወልደ ብሎ የሚጀምር ሊሆን ይችላል፤ ገብረ ክርስቶስ፣ ወልደ ሚካኤል። ገብረ አገልጋይ ነው፣ ወልደ ልጅ ነው። ይህንንም ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ሙስሊሙ ዐብዱላህ ሲል ገብረ እግዚአብሔር ማለቱ ነው። በዕብራይስጥ አብድዩ ያው ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ጊልክራይስት የሚባል ስም አለ፣ ቃል በቃል ገብረ ክርስቶስ ነው፣ ማልኮም የሚለውም የቅዱስ ኮሉምባ አገልጋይ ማለት ነው። ከላሊበላ እስከ ስኮትላንድ አንድ ዓይነት ስም!

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የገብረ ስም መዝገብ ላይ የሚወጣ ከሆነ ሁለቱን ቃል አጣብቀሽ አስጽፊው። እዚያ አገር ሲለያይ ክርስቶስ የሚለው እንደ ሁለተኛ ስም ይቆጠርና ሰውየው ገብረ ተብሎ ይቀራል። ገብረ ብቻውን «የ… አገልጋይ» ነው፣ የማን እንደሆነ ሳይነገር። በዚህ መንገድ ስሙ የተቆረጠበት ሰው ብዙ ነው።

ነቀምቴ

እሺ ናሆም አሸነፈ። ዮሴፍን ለሚቀጥለው ልጅ ያዙልኝ፣ ያኔ ይጨምራል የሚለው በደንብ ይገጥማል።

ስሜ ካሳሁን

ለአባትሽ ስትነግሪያቸው ትርጉሙን አስቀድሚ። ስሙ ናሆም ነው ብለሽ አትጀምሪ። አባዬ፣ መጽናኛ ልንለው ነው፣ ላንተና ለእማዬ ብለን ነው በያቸው። ምትኩን ደግሞ ሁለተኛ ስም አድርጊው፣ ወረቀቱ ላይ በዓይናቸው ይዩት።

ከሐምቡርግ

እንደዚያ ነው የማደርገው። ናሆም ምትኩ፣ ፊት ለፊቱ የቀኑ ስም። ኮፊም ይሁን ክዋኩ የሚመጣበት ቀን ይወስናል። ግን ሆስፒታል ውስጥ ወዲያው ስም ጻፉ ይሉናል ብዬ ፈርቻለሁ፣ የባሌ ቤተሰብ ደግሞ ስምንተኛው ቀን ሳይደርስ ስሙን ማውጣት አይፈልጉም።

ፍራንክፈርት

እኔ እዚሁ ጀርመን ሁለት ልጅ ወልጃለሁ፣ አትፍሪ። ልደቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ስሙን ግን በአንድ ወር ውስጥ ማሳወቅ ይቻላል። ሆስፒታል ፎርሙን ሲሰጡሽ የስሙን ቦታ ባዶ ትተሽ «በኋላ እናሳውቃለን» በያቸው። ከአንድ በላይ መጠሪያ ስም ማስመዝገብም ይፈቀዳል። የልደት ካርዱ ግን ስሙ እስኪገባ ይዘገያል፣ ስለዚህ የስም ማውጣቱ ሥርዓት በተደረገ ማግስት ሄደሽ ጨርሺው። የስሙን አጻጻፍ በላቲን ፊደል ቀድመሽ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፣ በቃል አትንገሪያቸው።